ዋንዛ የበቀለበት ግድብ

የሀገሬን ስም አልነግራችሁም። ለመደበቅ ብዬ አይደለም። በእኛ ሀገር አንድን ነገር በይፋ በስሙ ለመጥራት አለሳላሽ አጠገብ መኖር አለበት፤ እኔ ደግሞ ከአለሳላሽነት ከተሰናበትሁ ቆየሁ። ስለዚህ ስሙ ይቅርና የሆነውን ልንገራችሁ።

ሌላ ሀገር ያላችሁ አለሳላሽ ምን እንደሆነ ላታውቁ ትችላላችሁ። እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ የያዘ ሹም ወሬውን ለባለጉዳዩ በገዛ አፉ አይናገርም፤ ነውር ነው። ደጃፍ ላይ ቆሞ ለአለሳላሹ በጆሮው ይነግረዋል፣ አለሳላሹ ጥቂት ያላምጠዋል፣ ከዚያ ገብቶ ሰው ሊሸከመው በሚችል መልክ ያወጣዋል። በሬ ሞተ አይባልም፤ «በሬህ ከእንግዲህ ድርቆሽ አምጣ ብሎ አያስቸግርህም» ይባላል። ቤት ተቃጠለ አይባልም፤ «ጣራ ከመጠገን ተገላገልህ» ይባላል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ሚስቱ ጥላው ለሄደች ሰው «አልጋው ሰፍቶልሃል» ብዬው፣ ሰውየው አመስግኖ ምሳ ጋብዞኛል። ያለቀሰው ከሄድሁ በኋላ ነው አሉ። መዋሸት ግን ክልክል ነው። የምንናገረው እያንዳንዱ ቃል እውነት መሆን አለበት፤ የሙያችን ክብር እዚያ ላይ ነበር። ምልክታችን ደረታችን ላይ የምንሰካት የተባዘተች ጥጥ ናት። ሰው ጥጧን ሲያይ ቀስ ብሎ ወንበር ይስባል።

የተመደብሁት የግድቦችን ደህንነት በሚጠይቀው መሥሪያ ቤት ነበር። ትልልቆቹን ግድቦች መንግሥት ይጠብቃቸዋል፤ ዘበኛ አላቸው፣ መብራት አላቸው፣ በዓልም ይከበርላቸዋል። ትንንሾቹ የአፈር ግድቦች ግን የየሰዉ ንብረት ናቸው፤ የሰው ግድብ መፈተሽ ደግሞ የሰው ድስት ከፍቶ ማየት ነው። ስለዚህ እኛ አንፈትሽም፤ እንጠይቃለን። ዘመድ እንደሚጠየቅ ሁሉ ሄደን «ግድብዎ እንዴት ሰነበተ?» እንላለን። ባለቤቱ ይመልሳል፤ እኛም ደረጃ እንሰጣለን። ደረጃዎቹ ሦስት ናቸው፤ ደህና፣ በጣም ደህና፣ እጅግ በጣም ደህና። ቀድሞ «ያሳስባል» የሚል አራተኛ ደረጃ ነበረ ይባላል። አንዲት ባለግድብ ይህን ሰምታ ብታለቅስ ሹማምንቱ አንጀታቸው ተላወሰና ደረጃውን ሰረዙት። ግድቧ በዚያው ክረምት ሄደ። የሄደውም በ«ደህና» ነው።

ከጠየቅናቸው ግድቦች አንዱ የጋሽ ሽባባው ነበር። ግድቡን የሠሩት አባታቸው ናቸው፤ በሁለት ኮረብታ መካከል ያለውን ሸለቆ በአህያ አፈር እያጋዙ ደፍነው፣ በከብት ኮቴ አስረግጠው ውኃ አቆሙበት። ከሩቅ ሲታይ ሣር የለበሰ ረጅም መደብ ይመስላል። ከሥሩ ያለው ሜዳ ጎመንም፣ ሽንኩርትም፣ ሸንኮራም የሚያበቅለው በዚህ ውኃ ነው። ጋሽ ሽባባው ውኃውን ማንም እንዲጠቀምበት ለቀውታል፤ ሰው ሲያመሰግናቸው ያፍራሉ፣ አንገታቸውን ደፍተው ስለ አየሩ ማውራት ይጀምራሉ። እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ።

ግድቡ በተመዘገበበት ዘመን ከሥሩ አንድም ቤት አልነበረም። መሥሪያ ቤታችንም «ማንንም አያሰጋም» ብሎ መደበው። ኋላ ሰዎች ከሩቅ መጡና ስጋት የሌለበት ቦታ ጠቁሙን ሲሉ፣ ሹማምንቱ መዝገቡን ገልጠው ከሽባባው ግድብ ሥር ሂዱ አሏቸው፤ ማንንም እንደማያሰጋ ተጽፏልና። ሰዎቹ ሄደው ሠፈሩ፣ ወለዱ፣ ወፍጮ ቤት ተከሉ። አንድ ጊዜ አንድ ጸሐፊ አሁን እኮ ከሥሩ ሰው አለ ብሎ ቢያነሣ፣ ግድቡ ማንንም እንደማያሰጋ እየታወቀ ሰው ያሰጋል ማለት ምን ማለት ነው ተብሎ ተገሠጸ።

ይህ ብቻ አይደለም። ግድቡ መጀመሪያ ከጎኑ በኩል ትርፍ ውኃ የሚወጣበት ቦይ ነበረው። ክረምት ሲበረታ ውኃው በዚያ አድርጎ ወደ ገደሉ ይወርዳል። በእኛ ሀገር ደግሞ ውኃ በሜዳ መድፋት ትልቅ ነውር ነው፤ ልጅ እንኳ ከብርጭቆው የተረፈውን ለአበባ ይሰጣል። ጎረቤት ማማት ጀመረ፤ ሽባባው ውኃ ይደፋል ተባለ። ጋሽ ሽባባው ሐሜት አይችሉም። ቦዩን በድንጋይና በጭቃ ገንብተው ደፈኑት። መሥሪያ ቤታችን ቁጠባቸውን አድንቆ ሸለማቸው። ሽልማቱ ጃንጥላ ነበር።

ዛፎቹ ደግሞ አሉ። ጋሽ ሽባባው ይበልጣል የሚባል አንድ ልጅ ወልደው ነበር። በተወለደ ሰሞን ደስታቸውን የሚያደርጉበት ቢያጡ፣ ከግድቡ አናት ላይ፣ ልክ ከመካከሉ፣ አንዲት የዋንዛ ችግኝ ተከሉለት። ሕፃኑ ብዙ አልቆየም፤ እናቱም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተከተለችው። ዋንዛው ግን ጸደቀ፣ ገዘፈ። ከሥር የሠፈሩት ሰዎች ይህን አይተው እነሱም ልጅ በተወለደ ቁጥር ግድቡ ላይ ዛፍ መትከል ያዙ፤ አፈሩ ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ነው፣ ሥሩ ደግሞ ግድቡን ሰፍቶ ይይዘዋል ብለው ያምኑ ነበር። ልጅ ሲታመም እናት በእንስራ ውኃ ይዛ ትወጣና የልጇን ዛፍ ታጠጣለች። ግድብ የሚያጠጣ ሕዝብ ከእኛ ሌላ ያለ አይመስለኝም። እኔ በበኩሌ ሳየው ደስ ይለኝ ነበር፤ እያንዳንዱ ዛፍ ስም አለው፣ እናቶቹ በስሙ እየጠሩ ያናግሩታል።

እንግዲህ በዚያ ክረምት መሥሪያ ቤታችን ስንዱ የምትባል መሐንዲስ ቀጠረ። ከእሷ በፊት የነበሩት ሰውዬ ግድብ የሚጠይቁት ወንበር አስወጥተው ፊት ለፊቱ በመቀመጥ ነበር። ስንዱ ግን ወንበሩን ትታ ጫማዋን አወለቀች፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ቁልቁል እስከ ግድቡ እግር ወረደች። እኔም እየተንሸራተትሁ ተከተልኋት።

ከግድቡ እግር ሥር አንድ ምንጭ ፈልቆ ነበር። በፈለቀ ጊዜ ሠፈሩ እልል ብሎ ተቀብሎታል፤ ድንጋይ ደርድረው የልብስ ማጠቢያ አበጅተውበታል። እዚያ ዋናዋ ማንጠግቦሽ ናት። ለሠፈሩ ሁሉ ልብስ የምታጥብ፣ እኩያዬ የሆነች፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ናት፤ በሬዋ የሞተ ጊዜም ባሏ የሞተ ጊዜም መርዶውን ያለሳለስሁላት እኔ ነኝ። ገና ሳታየን ስሞታ ጀመረች። ዝናቡ ከገባ ወዲህ ነጩን ነጠላ አስገብታ ቡኒ እንደምታወጣ፣ ሰው ሁሉ በእሷ እንደሚያሳብብ፣ ጋሽ ሽባባው ምንጫቸውን ማስጠረግ እንዳለባቸው ያለ ዕረፍት ነገረችን። ስንዱ ብርጭቆ ለመነቻት፣ ከምንጩ ቀዳችና ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ቁጢጥ ብላ ትመለከተው ጀመር። ከብርጭቆው ሥር ቀይ አፈር ቀስ እያለ ተኛ። ስንዱም ፊቷ ጠቆረ።

«ምንጭ አይደለም፣ ጋሼ» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ግድቡ ነው። ጥርት ብሎ ቢወጣ ይህን ያህል አልፈራም። ደፍርሶ ከወጣ ግን አፈሩን ይዞ ነው የሚወጣው። ከውስጥ እየታጠበ ነው።»

ከዚያ ወሬውን በጆሮዬ ሰጠችኝ። የዛፎቹ ሥር ለውኃው መንገድ ከፍቶለታል፤ ትርፍ ውኃ የሚወጣበት ቦይ ደግሞ ተደፍኗል። ቦዩ ዛሬውኑ ይከፈት፣ ውኃው ሲቀንስ ዛፎቹ ይነሡ፣ ከሁሉ በፊት ከሥር ያለው ሰው ይውጣ፤ አለዚያ ግድቡ ሠፈሩን ይዞት ይሄዳል። እንዲህ ያለ ክፉ ወሬ ተሸክሜ አላውቅም ነበር። ሽቅብ ስንወጣ አላመጥሁት፣ አላመጥሁት፣ ጋሽ ሽባባው ደጃፍ ስንደርስ በጣም ለስልሶልኝ ነበር።

«ጋሽ ሽባባው፣ ግድብዎ ከብዶታል፤ ትንሽ ቢቀልለት ይወዳል። ዛፎቹም እንደሆኑ አድገው የልባቸውን ሠርተዋል» አልኋቸው። አንዲትም ውሸት የለባትም።

ሽማግሌው ፊታቸው በራ። ዛፎቹ በመወደሳቸው ደስ አላቸው፣ እጄን ይዘው ይበልጣልን ላሳያችሁ አሉ። ዋንዛው ሥር ወሰዱን። ግንዱን ሁለት ሰው አይዞረውም። ከሥሩ መቀመጫ ድንጋይ አለ፤ ድንጋዩ ከመቀመጥ ብዛት ሙልጭ ብሏል። ጠዋት ጠዋት እዚህ መጥተው የዋሉበትን ያደሩበትን እንደሚነግሩት፣ ቅጠሉ ሲረግፍ ሆድ እንደሚብሳቸው አጫወቱን። ከዚያ የተጠበሰ በቆሎ አቀረቡልን። እኔ በላሁ። ስንዱ ግን አልነካችም።

«ነገሯቸው?» አለችኝ ስንመለስ።

«ነግሬያቸዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ደስ አላቸው?»

ደረቴ ላይ ያለችውን ጥጥ አስተካከልሁ።

ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። በማግስቱ ስንሄድ ውኃው ከፍ ብሎ፣ ዳር ላይ የነበረው ሣር ሰጥሟል። በዚህ ቀን ብዙ አላለሰለስሁም፤ ቦዩ ቢከፈት፣ ዛፎቹ ቢነሡ ጥሩ ነው አልኋቸው። ጋሽ ሽባባው «ቢነሡ» የምትለዋን ሲሰሙ የያዙትን ዱላ አጥብቀው ጨበጡ።

«የሌላውን ዛፍ ባለቤቶቹን ጠይቁ» አሉ። «ይኼን ግን አትንኩብኝ። መቃብሩን ጎርፍ ወስዶብኛል። እሱን ብዬ የምሄድበት ሌላ ቦታ የለኝም።»

ቦዩንስ ቢከፍቱልን ብል አንገታቸውን ነቀነቁ። ዛሬ ቦይ ነገ ዛፍ ትላላችሁ፤ መጀመሪያ ትንሹን አስፈቅዳችሁ ነው ትልቁን የምትወስዱት አሉኝ። ልክ ነበሩ። ስንዱ ዐይኗ እንባ ሞላ።  እኚህን ሰው የሚጠላ ሰው ቢመጣ ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር፤ ችግሩ ሁላችንም እንወዳቸው ነበር።

ስንዱ በቀጥታ ወደ መሥሪያ ቤታችን ሹም ሄደች። ባለቤቱ እምቢ ካሉ ማስገደድ ይቻል እንደሆነ ጠየቀች። መሥሪያ ቤታችን የመጠየቅ እንጂ የማስገደድ ሥልጣን የለውም፤ ነገሩ ሲከብድ ግን ጠበቅ ያለ ጥየቃ ይደረጋል። ጠበቅ ያለ ጥየቃ ማለት ከአንድ አለሳላሽ ፈንታ ሁለት አለሳላሽ መላክ ነው። ሠፈሩን ማስለቀቅስ ብትል፣ ሹሙ ለራሱ አለሳላሽ በጆሮው አንድ ነገር ተናገረ። አለሳላሹም ወደ እሷ መጥቶ፣ ጥጧን አስተካክሎ፣ «ጥያቄሽ ረጅም ዕድሜ ይኖረዋል» አላት። ሙያተኛ ነው፤ ሳልቀናበት አልቀረሁም።

በሦስተኛው ጠዋት ዝናቡ አላባራም። ወደ ሠፈሩ ስንደርስ ምንጩ ምንጭነቱ ቀርቶ እንደ ጭን የወፈረ ቀይ ውኃ ሆኗል። ማንጠግቦሽ ልብስ ማጠቡን ትታ፣ የልጅ ልጇን ማጠቢያው ድንጋይ ላይ አስቀምጣ በእጁ ጭቃ ታስቦካዋለች። ሕፃኑ ይስቃል። ስንዱ ልጁን አየችና ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ እባክዎ ዛሬ እንዳለ ይንገሯቸው። እኔ ብናገር ማንም አይሰማኝም፤ ሹም በገዛ አፏ ተናገረች ብለው ነውሬን ሲያወሩ ይውላሉ። እርስዎን ይሰማሉ።»

በሕጋችን እንዳለ የተናገረ አለሳላሽ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አለሳላሽ አይደለም። ሌላ የማውቀው ሥራ አልነበረኝም። ፈርቼ ነበር፤ በዝናቡ እያሳበብሁ ጥቂት ቆምሁ። ሕፃኑ አሁንም ይስቃል። ሰዉን ወፍጮ ቤቱ ጣራ ሥር ሰብስቡልኝ አልሁ።

ተሰበሰቡ። ጥጧ ደረቴ ላይ ናት። እንዳዩዋት ሽማግሌዎቹ ጆንያ ስበው ተቀመጡ።

«ግድቡ ሊፈርስ ነው» አልሁ። «ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ኮረብታው ውጡ።»

 ከአለሳላሽ አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ የሚያውቅ ሰው እዚያ አልነበረም። ብዙዎቹ የቀረውን የሚጠብቁ መሰሉ። በመጨረሻ ማንጠግቦሽ ልጁን አቅፋ፣ ለራሷ እንደምታወራ ሁሉ ማሰላሰል ጀመረች።

«በሬዬ የሞተ ጊዜ ድርቆሽ አያስቸግርሽም ነው ያልኸኝ። ባሌ ያረፈ ጊዜ ሳሉ ለቆታል ነው ያልኸኝ። አሁን ለስልሶ፣ ለስልሶ ሊፈርስ ነው ከሆነ...»

አልጨረሰችውም። ከኋላ አንድ ሰው «ፈርሷል!» ብሎ ጮኸ፤ ከዚያ በኋላ ያለው እግሬ አውጪኝ ነው። ልጅ የታቀፈ፣ ዶሮ ያንጠለጠለ፣ የቤቱን መዝጊያ ነቅሎ የተሸከመ፣ ሁሉም ሽቅብ ተመመ። አንዱ ደርሶ ቤቱን ለመቆለፍ ተመልሶ ነበር፤ ሚስቱ በጆሮው ጎትታ አወጣችው። ስንዱ እውነተኛ ሰው ናትና ገና እኮ አልፈረሰም ብላ ልታርማቸው አፏን ከፈተች። እጇን ያዝሁና ተያቸው አልኋት። በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሠፈሩ ውስጥ ውሻ እንኳ አልቀረም።

ኮረብታው ላይ ሲደርሱ ፈረሰ የተባለው ግድብ እንደቆመ አዩት። አናቱ ላይ፣ ዋንዛው ሥር፣ ጋሽ ሽባባው የተሸለሙትን ጃንጥላ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ሰዉ ግራ ገባው። አንዳንዱ መሣቅ ጀመረ፣ አንዳንዱ ወጥ እሳት ላይ ጥጃለሁ ብሎ ለመመለስ ዞረ። የኔ ነገር አለቀለት አልሁ በሆዴ። ማንጠግቦሽ ግን ግድቡን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ግድቡን አየች፤ ፊቷ ቀስ በቀስ ተለወጠ። አላለሰለሰም፣ እንዳለ ነው የነገረን አለች። ይህ ከመፍረሱ ወሬ የባሰ አስደነገጣቸው። አንድም ሰው አልተመለሰም።

አሁን ሁሉም ወደ ሽማግሌው ይጣሩ ጀመር። ጋሽ ሽባባው፣ ኧረ ይውጡ፣ ኧረ በልጅዎ እያሉ ለመኗቸው። አልተነቃነቁም። በግድቡ ላይ ወደ እሳቸው ሄድሁ፤ ስንዱ ከኋላ ስትጠራኝ ሰምቻለሁ፣ አልዞርሁም። አፈሩ ከእግሬ ሥር ይርገበገብ ነበር። አጠገባቸው ስደርስ ወደ ኮረብታው እያዩ ነበር።

«ሁሉም ወጡ?» አሉኝ።

«ሁሉም ወጥተዋል።»

«እንግዲያስ ምን ቀረ? ሰው አይነካ። ከሄደም ከልጄ ጋር እዚሁ ልሂድ።»

ቤታቸው፣ እርሻቸው፣ ወፍጮው አለ አልኋቸው፤ እርስዎም አሉ አልኋቸው። ጃንጥላውን ወደ እኔ ዘንበል አደረጉልኝ፤ በዚያች ሰዓት እንኳ እንግዳ እንዳይበሰብስ ያስቡ ነበር። ከዚያ ልጅ እናቱን እንደሚለምን በሚለምን ድምፅ እንዲህ አሉኝ፦

«አንተ ታውቅበታለህ። እስቲ ይኼን ነገር አለስልሰህ ንገረኝ።»

ሞከርሁ። እንደ ልማዴ አላመጥሁት። ለክፉ ነገር ሁሉ ማለስለሻ የማያጣው አፌ ያን ጊዜ ባዶ ሆነ። 

«ጋሽ ሽባባው፣ የሚለሰልስ አላገኘሁበትም» አልሁ። «ይበልጣል የለም። ሞቷል። ይኼ ዛፉ ነው። የዛፉ ሥር ግድቡን እየከፈተው ነው። ቦዩን ካልከፈቱት ዛሬ ሁሉም ይሄዳል፣ ዛፉም ይሄዳል። ከከፈቱት ሰዉ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ዛፉን ግን በኋላ ይቆርጡታል።»

ሽማግሌው አንድ እጃቸውን ዋንዛው ግንድ ላይ አሳረፉ። 

«ያን ጊዜ ልጅህ ከእንግዲህ አያለቅስም ነው ያሉኝ» አሉ። «እኔም አመሰገንሁ። ይኼን ሁሉ ዘመን ሞቷል ያለኝ ሰው አልነበረም።»

አለቀሱ። ጃንጥላውን ለቀው፣ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ሰው ሁሉ እያያቸው አለቀሱ። እኔም አለቀስሁ፤ አላፍርበትም። ሲበቃቸው በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ፣ ዋንዛውን ዞር ብለው ሳያዩ በግድቡ ላይ ወደ ተደፈነው ቦይ ሄዱ፤ የመጀመሪያውን ድንጋይ በገዛ እጃቸው መንቀል ጀመሩ።

ወንዶቹ ይህን ሲያዩ ዲጂኖና ዶማ ይዘው ወረዱ። ስንዱ ፊታቸው ቆመች። ሁሉን በአንድ ጊዜ ቢያፈርሱት የውኃው ቁጣ ጎኑን ይቦረቡረዋል፤ ከላይ ጀምራችሁ አንድ አንድ ድንጋይ አለች። እንዳለችው አደረጉ። ውኃው በመጀመሪያ በቀጭኑ፣ ኋላ በወፍራሙ ወደ ገደሉ ወረደ። የሀገሬ ሰው ውኃ ሜዳ ላይ ሲደፋ ቆሞ እያየ እልል ሲል ያን ቀን የመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። ወደ ማምሻው ዝናቡ አባራ፣ የሰጠመው ሣር ብቅ አለ፣ ከግድቡ እግር ሥር ይወጣ የነበረው ቀይ ውኃም እየቀጠነ ሄደ። ሰዉ ግን ስንዱ ግቡ እስክትል ኮረብታው ላይ ቆየ።

መሥሪያ ቤታችን በነገሩ ላይ ሰፊ ምርመራ አደረገ። ምርመራው ግድቡን ሳይሆን እኔን የተመለከተ ነበር። መጨረሻ ላይ ያ የሹሙ አለሳላሽ ቤቴ ድረስ መጥቶ «ከእንግዲህ ማለዳ መነሣት የለብህም» ብሎ ጥጧን ከደረቴ ነቀለ። ግድቡ አሁን ባዶ ነውና «እጅግ በጣም ደህና» ተባለ። ስንዱ ይህን ደረጃ አልፈርምም አለች፤ ሳትፈርም ጸደቀ። ቢሆንም አልለቀቀችም፤ ጋሽ ሽባባውን አስፈቅዳ ግድቡን ለመጠገን እየተመላለሰች በጋውን እዚያው ከረመች። እኔም ሥራ ስላልነበረኝ አፈር እሸከምላት ነበር።

ዛፎቹ የተቆረጡት በዚያ በጋ ነው። እያንዳንዱ ወላጅ የልጁን ዛፍ ራሱ ቆረጠ፤ ልጆቹም ቆመው አዩ፤ አንዳንዶቹ ለምን ዛፌን ብለው ተነጫነጩ። አዳዲስ ችግኞች ወደ ኮረብታው ወጡ። ዋንዛውን የቆረጡት ጋሽ ሽባባው ብቻቸውን ናቸው። ሰው ልርዳዎ ቢላቸው እምቢ አሉ። ብዙ ቀን ፈጀባቸው። ማንም አላስቸኮላቸውም፣ ስንዱም አላስቸኮለቻቸውም።

ከዚያ ሥሩ መውጣት ነበረበት፤ ስንዱ በግድቡ ሆድ ውስጥ የሚበሰብስ እንጨት መቅረት የለበትም፣ የተቆፈረው ሁሉ በአዲስ አፈር ተረግጦ ይሞላል ብላለች። ሰዎቹ ቆፈሩ። ከሥሮቹ አንዱ ማለቂያ አልነበረውም። ከግድቡ መካከል ተነሥቶ፣ እንደ ክንድ ወፍሮ፣ የግድቡን ሆድ ሰንጥቆ ቁልቁል ይወርዳል፤ በዙሪያውም ውኃ የቦረቦረው ክፍተት አለ። እያሳደድን ስንቆፍር ዋልን። ጋሽ ሽባባው እየተከተሉን፣ አፈሩን በእጃቸው ከሥሩ ላይ እየጠረጉ ወረዱ። ሥሩ ያለቀው ማንጠግቦሽ ልብስ የምታጥብበት ድንጋይ ዘንድ ነበር፤ ጫፉ እንደ አውራ ጣት ቀጥኗል። ስንዱ አየችና በየትኛው መንገድ ውኃው እንደመጣ ገባት።

ጋሽ ሽባባው ተንበረከኩ። የሥሩን ጫፍ በሁለት እጃቸው መካከል ያዙት። ከዚያ ሽቅብ ወደ ግድቡ አናት፣ ዋንዛው ቆሞበት ወደነበረው ቦታ ተመለከቱ፤ ርቀቱን በዐይናቸው ለኩት። ማንጠግቦሽ ሥራዋን ትታ መጣችና አጠገባቸው መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ገና ድክ ድክ ሳይል ነው የሞተብኝ» አሉን። «አንድ እርምጃ ሳላይ። እስከዚህ ድረስ መጥቶ ኖሯል።»